ሃያው የማን ነው?

ቅዳሜ ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በስቶክሆልም ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። እትዬ በሚኖሩባት በእስራኤሏ ረሆቮት ሰንበት ወጥቷል ማለት ነው። እትዬ ሰንበት ሳይወጣ ስልክ በእጃቸው አይነኩም፤ ከወጣ በኋላ ደግሞ ስልኩ እስኪግል አይለቁትም።

«ተዘጋጅተሃል?» አሉኝ። እንዴት ሰነበትክ የለ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው የለ።

«ለምኑ እትዬ?»

«‘ለምኑ’ ይለኛል እኮ! ልጅቷ ዛሬ ማታ አይደል እንዴ የምትዘፍነው? ስልክህን ቻርጅ አድርገህ፣ ሂሳብ ሞልተህ ቁጭ በል። የምትመርጥልን አንተ ነህ።»

በሚቀጥለው ወር አገር ቤት ምርጫ ነበር። እኔ ግን ከአገር የወጣሁ ነኝና ዓመቱን ሙሉ ድምፅህን ስጥ ያለኝ ሰው ቢኖር እትዬ ብቻ ናቸው፤ እሱም ለዘፈን ነው።

እትዬ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ ባለችው በወለቃ፣ በቤተ እስራኤላውያን መንደር ሸክላ ይሠሩ ነበር። እናቴ ጀበና ልትገዛ ሄዳ በዋጋ ተጣሉ፤ ሲታረቁ ወዳጅ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ገበያ በወጡ ቁጥር ማረፊያቸው የእኛ ቤት ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰለሞን ወደ እስራኤል ሄዱ። ከ14 ሺህ የሚበልጥ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ያጓጓዘው ዘመቻ ማለት ነው። ሰው በብዛት እንዲጭኑ የአውሮፕላኖቹ ወንበር ተነቅሎ ነበርና እትዬ እስከ ዛሬ «እኔ የሩሳሌም የገባሁት ቁጢጥ ብዬ ነው» ይላሉ። ሲሄዱ ለእናቴ አንድ ጀበና ትተውላት ሄዱ። ጀበናው ዛሬ ስቶክሆልም፣ ሁስቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ዘንድ ነው። አፉ ትንሽ ተሸርፏል እንጂ ቡናው ያው ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው እትዬ ዘፋኝ የሚመዝኑበትን ሚዛን እንድታውቁልኝ ብዬ ነው። ሸክላ ሠሪ የተተኮሰ ዕቃ ከእሳት ሲያወጣ በጣቱ ኳ ኳ ያደርገዋል። በደንብ የበሰለ ይዘፍናል፤ የተሰነጠቀ ያጉረመርማል፤ ጥሬው ዝም ይላል። እትዬ ቴሌቪዥን ፊት ሲቀመጡ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ስንቱን በዓለም የታወቀ ድምፃዊ «ይኼ ከታች ተሰንጥቋል» ብለው ጥለውታል። ኤደን አለነን የሰሙ ቀን ግን ደውለው አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ። «በስሏል» አሉ።

ኤደን አለነ እ.ኤ.አ. በ2000 ኢየሩሳሌም የተወለደች፣ ቤተሰቧ ከኢትዮጵያ የሄደ ልጅ ናት። በ2018 በእስራኤሉ «ኤክስ ፋክተር» አሸነፈች፤ በ2020 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የዩሮቪዥን ተወካይ የሚመረጥበትን ውድድር አሸንፋ አገሪቱን በዚያ መድረክ የምትወክል የመጀመሪያዋ ቤተ እስራኤላዊት ሆነች። የአውሮፓ አስተዋዋቂዎች ስሟን «አሊን» እያሉ ሲያቀጣጥኑት እትዬ ይናደዳሉ። ለእሳቸው ይህ የአባት ስም ብቻ አይደለም፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። «አለነ! አለን ማለት እኮ ነው። ልጅቷ ስሟ ከተጠራ መልእክቱ ደረሰ፤ መዝፈኑ ትርፍ ነው።»

ዩሮቪዥን ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1956 ሉጋኖ በምትባል የስዊዘርላንድ ከተማ ሰባት አገሮች ዘፈን ይዘው ተሰበሰቡ፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየሰፋ ሄዶ አርባ ገደማ አገር የሚጋጠምበት የግንቦት ድግስ ሆነ። አንድ ዘፈን ከሦስት ደቂቃ ማለፍ አይችልም። ሦስት ደቂቃ! የእኛ አገር ዘፋኝ በሦስት ደቂቃ «እንደምን አመሻችሁ» ብሎ አይጨርስም፤ ማሲንቆው ገና ጅማቱን እያጠበቀ ነው። ከየአገሩ የባለሙያ ዳኞችና የቴሌቪዥን ተመልካቾች በየፊናቸው ለአሥር ዘፈን ነጥብ ይሰጣሉ። ትልቁ 12፣ ቀጥሎ 10፣ ከዚያ 8 እያለ እስከ 1 ይወርዳል። 11 እና 9 ለምን እንደተዘለሉ ለእትዬ ማስረዳት አልቻልኩም። «ሰርቀዋቸዋል» ብለው ደመደሙ።

እትዬን ያስጨነቃቸው ሌላው ጥያቄ «አውሮፓ መቼ ገባን?» የሚለው ነበር። መልሱ ጂኦግራፊ አይደለም፤ ዋናው የማሠራጫ ጣቢያው የአውሮፓ ብሮድካስት ኅብረት አባል መሆኑ ነው። እስራኤል እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ትወዳደራለች፤ በ1978፣ በ1979፣ በ1998 እና በ2018 አሸንፋለች። ከአፍሪካ የገባች አንዲት አገር ብቻ ናት፤ ሞሮኮ፣ በ1980፣ ለአንድ ጊዜ። ከ19 አገር 18ኛ ወጣችና ሁለተኛ ዝር አላለችም። ኢትዮጵያ በዚህ ድግስ አልተጠራችም። እኛ ደግሞ ባልተጠሩበት ድግስ ጓዳ ገብቶ ወጥ ማማሰል ልማዳችን ነው።

ነገሩ የጀመረው ግን ከዓመት በፊት ነው። በመጋቢት 2020 ለኤደን የተመረጠው ዘፈን በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ፈከር ሊቢ» ተብሎ የሚነበብ ነው፤ «ፍቅር ልቤ» ለማለት ነው። ዶሮን መዳልያ እና ኢዳን ራይኸል የጻፉት፣ እንግሊዝኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ዓረብኛና አማርኛ የተቀላቀለበት ዘፈን ነበር። አማርኛ በዩሮቪዥን መድረክ! የዚያን ቀን እትዬ ስድስት ጊዜ ደወሉ። አምስቱ የደስታ ነበር፤ ስድስተኛው የሰዋስው።

«የሷ ‘የ’ የት ገባች?» አሉ።

«የትኛዋ ‘የ’ እትዬ?»

«‘የልቤ ፍቅር’ ነው እንጂ ‘ፍቅር ልቤ’ ምን ማለት ነው? ይህን ያህል አገር አቋርጠን ስንመጣ ‘የ’ን ጥለናት መጣን?»

ግጥም ሲሆን ይቻላል፣ ጠብቆ ላልቶ፣ ወደ ኋላ ወደ ፊት ብዬ ላሳምናቸው ሞከርኩ። አልተዋጠላቸውም፤ ቢሆንም ለቡና ማኅበራቸው ሲያወሩት «የ»ን ራሳቸው ጨምረው ነበር የሚያወሩት። ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ እንደቆየ፣ በፈረንጆቹ መጋቢት 18 ቀን፣ በኮሮና ምክንያት ውድድሩ ተሰረዘ። ከ1956 ወዲህ ተሰርዞ የማያውቅ ድግስ የእኛ ቋንቋ ሊገባበት በተሰናዳበት ዓመት ተሰረዘ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው። የ2020 ዘፈን ለ2021 አይሠራም ተባለ። እስራኤል ኤደንን መልሳ ላከቻት፤ ዘፈኑ ግን «ሴት ሚ ፍሪ» የሚባል፣ አብዛኛው እንግሊዝኛ የሆነ አዲስ ዘፈን ሆነ። አማርኛዋ ቀረች።

እትዬ ግን አልቀረችም ባይ ናቸው። «‘ሴትም ፍሬ’ ነው የምትለው» አሉኝ። «ሴትም ፍሬ ናት ማለቷ ነው። ያውም አሁን ሰዋስውዋ ተስተካክሏል።» እኔም ይህን እምነት ለማፍረስ አቅም አላገኘሁም።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። የእትዬ ትልቁ ችግር ሕጉ ነበር፤ ማንም ለራሱ አገር ድምፅ መስጠት አይችልም።

«እንዴት ያለ ሕግ ነው!» አሉ። «እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ፣ ስልክ በእጄ ይዤ፣ ለልጄ ካልመረጥኩ ማን ሊመርጥላት ነው?»

«ሌላው አገር ነዋ እትዬ። እርስዎ ለሌላ ይመርጣሉ፣ ሌላው ለእሷ ይመርጣል።»

«እኔ ለማን ልምረጥ? ለማላውቀው ሰው ልጅ?»

ስለዚህ እትዬ ወደ ዘመድ አዞሩት። በዋትሳፕ የቤተሰብ ቡድን ውስጥ ከወለቃና ከጎንደር በዓለም የተበተነ ሰው ሁሉ አለ። በዚያን ምሽት ግን የዘመድ ደረጃ ተገለባበጠ። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ፣ ለሠርግም ለለቅሶም ቀድሞ ብር የሚልከው፣ በየቡድኑ ላይ መጨረሻውን ቃል የሚናገረው፣ መምረጥ እንደማይችል ታወቀ። ያኔ ዱባይ ያሉት አይችሉም ነበር። አዲስ አበባ ያሉትም አይችሉም ነበር። ስዊድን ያለሁት፣ በዘመድ ዘንድ እስካሁን «ደመወዙን ለግብር ከፍሎ የሚኖረው» እየተባልኩ የምታወቀው እኔ፣ ኖርዌይ ካለች የእኅቴ ልጅና ጣሊያን ካለ አንድ አብሮ አደጌ ጋር የቤተሰቡ ምሰሶ ሆንን። የአጎቴ ልጅ «ብራችሁን እኔ እልካለሁ፣ እናንተ ምረጡ» ብሎ ጻፈ። እትዬም በድምፅ መልእክት «አንተ ዛሬ አርፈህ ተቀመጥ» አሉት። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ሳምንቱ ግን የቀልድ ሳምንት አልነበረም። ኤደን በግማሽ ፍጻሜው የዘፈነችው ማክሰኞ ማታ ነው፤ እስራኤልና ጋዛ ጦርነት ላይ ነበሩ። በወዲያም በወዲህም ሰው ይሞት ነበር። እትዬ ቴሌቪዥኑን ከፍተው የሳይረን ድምፅ ሲሰሙ ወደ መጠለያው፣ ሲቆም ወደ ወንበራቸው ይመላለሱ ነበርና ዘፈኑን አልሰሙትም። ተኩሱ የቆመው ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ሌሊት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ከሁሉ በፊት የለመኑኝ ምርጫ አልነበረም። «ሦስት ደቂቃ ሳልነሳ ልስማት» ነበር ያሉት።

አሁን ደግሞ ወደ ጎረቤቴ። ከእኔ በታች ሁለተኛ ፎቅ የሚኖር የኤርትራዋ የከረን ልጅ አለ። ከስድስት ዓመት በፊት የተዋወቅነው በልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ስዊድን ውስጥ የአንድ ሕንጻ ሰው ልብሱን የሚያጥበው ምድር ቤት ባለ የጋራ ክፍል፣ በሰሌዳ ላይ ተራ ይዞ ነው፤ የሰው ተራ የነጠቀ ሰው ከባንክ ዘራፊ ተለይቶ አይታይም። የዚያን ዓመት የአገር ቤት ወሬ ለሁለታችንም የሚነሳ አልነበረም። ስለዚህ ስለ ዝናብ እናወራለን፤ ስለ በረዶ እናወራለን፤ የማድረቂያው ማሽን እንደተበላሸ እናወራለን። አንዳንዴ ማሽኑ ተሠርቶ እንኳ «አሁንም አልተሠራም አይደል?» እንባባላለን።

ዓርብ ማታ ግን ጎረቤቴ ቅርጫቱን እንደያዘ ፈገግ ብሎ ገባ።

«ሓወይ፣ ሰንሒት አለፈች!»

ሰንሒት ቦሎኛ፣ ጣሊያን ውስጥ ከኤርትራውያን ወላጆች የተወለደች ዘፋኝ ናት፤ ለሳን ማሪኖ ትዘፍናለች። ሳን ማሪኖ በጣሊያን የተከበበች፣ ሕዝቧ 34 ሺህ ገደማ የሆነ አገር ናት፤ የእኛ ሰው ልጅ ቢድር የሚጠራው ያህል ማለት ነው። ሰንሒት በ2011 ሞክራ አላለፈችም፤ በ2020 ልትሞክር ስትል እንደ ኤደን ኮሮና ቀደማት፤ በ2021 አሜሪካዊውን ራፐር ፍሎ ራይዳን ይዛ መጥታ ለፍጻሜ አለፈች። ለጎረቤቴ ደግሞ ሌላም ነገር አለው፤ ሰንሒት የከረን አካባቢ አውራጃ ስም ነው። «የአገሬ ስም እኮ ነው የሚጠራው» አለኝ፤ ቅርጫቱን መሬት አስቀምጦ። እኔም የእትዬን «አለነ» ነገርኩት። በስድስት ዓመት ውስጥ ስለ አየር ጠባይ ያልሆነ ነገር ስናወራ የመጀመሪያችን ነበር።

ግሪክና ቆጵሮስ ትልቁን ነጥባቸውን እንደ ጎረቤት ቡና በመቀባበል ይታወቃሉ። ስካንዲኔቪያውያንም እርስ በርስ አይጨካከኑም። ታዲያ እኛ ምን ያንሰናል ተባባልን። አንድ ስልክ በዚያን ጊዜ መስጠት የሚችለው እስከ 20 ድምፅ ነበር። በማጠቢያው ማሽን ላይ እጃችንን ጭነን ስምምነት ተፈራረምን፤ እኔ 10 ለኤደን፣ 10 ለሰንሒት፤ እሱም 10 ለሰንሒት፣ 10 ለኤደን።

ይህን ለባለቤቴ ሳወራላት ቆሎ እየቆላች ነበር። ማማሰሉን ሳታቆም፦

«አንተ ሃያውን ለኤደን፣ እሱ ሃያውን ለሰንሒት ቢሰጥ ያው አልነበረም?»

አሰብኩት። ያው ነበር። ሁለት ጎልማሳ ሰዎች ግማሽ ሰዓት ተደራድረን የደረስንበት ውጤት ባንደራደርም የምንደርስበት ነበር።

«ጉዳዩ ሒሳብ አይደለም፤ ዲፕሎማሲ ነው» አልኳት።

«ዲፕሎማሲውንስ ነገርካቸው?» አለችኝ፤ እትዬን ማለቷ ነው። ለእትዬማ «ሃያ እልካለሁ» ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ዝም አልኩ። ቆሎው አረረ።

ማታ ጎረቤቴ ሞቅ ያለ ሕምባሻ ይዞ መጣ፤ መስኮት ከፍተን፣ እንደ ዘመኑ ራቅ ራቅ ብለን ተቀመጥን። ውድድሩ ከሮተርዳም ነው፤ 26 ዘፈን፣ በአዳራሹ 3,500 ሰው። እትዬ ከረሆቮት በስልክ ስፒከር ላይ ናቸው፤ ጀበናው ጠረጴዛው ላይ፣ ስልኩ ጀበናው ላይ ተደግፏል።

ኤደን በሦስተኛ ተራ ወደ መድረክ ወጣች። የክፍሉ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ፤ ከስልኩም የትንፋሽ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ዘፈኑ ወደ ማለቂያው ሲል ልጅቷ ድምፅዋን ወደ ላይ፣ ከዚያም ወደ ላይ ሰደደችው። ሙዚቀኞች «ዊስል» የሚሉት፣ ጉሮሮ ማፏጨት የሚጀምርበት ቦታ ነው። በዩሮቪዥን ታሪክ ከተሰማው ሁሉ ከፍተኛው ድምፅ ተብሎ የተወራለት ይኼው ነው። ፒያኖ ቢሆን ወደ ቀኝ ጫፍ ተጠግቶ የሚገኝ ቁልፍ ነው። የጎረቤቴ ብርጭቆ እጁ ላይ ቀረ።

«እንዴት ነው እትዬ?» አልኩ።

ቆዩ። «ሦስት ደቂቃ ሳልነሳ ሰማኋት» አሉ መጀመሪያ። ከዚያ ሙያቸው መጣ። «ቀጭን ነው፣ ንጹሕ ነው፤ ስንጥቅ የለበትም። ግን ሪከርድ ነው የሚሉትን አልቀበልም። እልልታ ሰምተው አያውቁም ማለት ነው። እልልታ ምላስ አለው፤ ይኼ ምላስ የለውም።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ አውሮፓ በእትዬ ጣት ኳ ኳ ሲደረግ አመሸ። የእንግሊዙ «ጥሬ»፤ የፈረንሳይዋ «ይቺ በስላለች፣ ግን ለራሷ ታለቅሳለች»፤ ቆዳ ለብሰው የሚጮኹት ጣሊያኖች «ይኼስ ሸክላም አይደል፣ በርሜል ነው»። በ25ኛ ተራ የስዊድኑ ቱሴ ወጣ፤ ከኮንጎ በልጅነቱ በስደት የመጣ ልጅ ነው። የእኔ ልጆች ሊመርጡት ተነሱ፤ ስዊድን ስላሉ እንደማይቻል ስነግራቸው ልክ እንደ እትዬ ጮኹ። በ26ኛ ተራ ሰንሒት ወጣች። ያን ጊዜ አንድ ነገር ታየኝ። አፍሪካ በማትጠራበት ድግስ ኮንጎ በስዊድን ካርድ፣ ኤርትራ በሳን ማሪኖ ካርድ፣ ኢትዮጵያ በእስራኤል ካርድ ገብተዋል። ያልተጠራ ዘመድ ከተጠራው ጋር ተደባልቆ እንዴት እንደሚገባ የእኛ ሰው ለዓለም አሳየ።

የምርጫው መስመር በዚያን ዓመት የሚከፈተው ሁሉም ዘፍነው ሲጨርሱ፣ ለአጭር ጊዜ ነበር። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነ። ጎረቤቴ መነጽሩን አጣ፤ የእኔ ስልክ ባትሪው 4 በመቶ ደረሰ። «03 ላክ!» «አንተ 26 ላክ!» «ስንት ላክህ?» «ሰባት!» «የእኔን ነው የራስህን?» ስንባባል እትዬ ከስልኩ ውስጥ «ሃያ ሞላህ?» ይላሉ። «እየሞላሁ ነው እትዬ» እላለሁ፤ ጎረቤቴ እያየኝ ይስቃል። በመጨረሻ እሱ በእጁ 10 ጊዜ 03ን፣ ለእኔ ልጅ ብሎ፣ ሲልክ አየሁት። ሒሳቡ ያው ነው ብዬ ነበር። ሲያዩት ግን ያው አይደለም።

ውጤት መጣ። የዳኞቹ ነጥብ ተነግሮ ሲያበቃ ኤደን 73፣ ሰንሒት 37 ነበራቸው። ቀጥሎ የሕዝቡ ድምፅ ከታች ወደ ላይ ይነበባል። እንግሊዝ፣ ከዳኞችም ዜሮ፣ ከሕዝብም ዜሮ። ጀርመን ከሕዝብ ዜሮ፣ ስፔን ዜሮ፣ አስተናጋጇ ሆላንድ ራሷ ዜሮ።

«እንግሊዝ ዜሮ?» አሉ እትዬ። «ያን ሁሉ አገር ገዝታ አንድ ዘመድ አላተረፈችም?»

ጥቂት ቆይቶ ሳን ማሪኖ ተጠራች። ከሕዝብ 13። ጎረቤቴ በጣቱ ቆጠረ። «እኛ ሃያ ልከናል፤ የደረሰው 13 ነው። ሰባቱ የት ገባ?»

«የሐዋላ ኮሚሽን ይሆናል» አልኩት።

ከዚያ እስራኤል። ከሕዝቡ 20 ነጥብ።

«ሃያ!» ስልኩ ከጀበናው ላይ ሊወድቅ ደረሰ። «ሃያ! አንድም አልጎደለች! አንተ የላክሃት ሃያ ገባች!»

ለማስረዳት ሞከርኩ። ነጥብና ድምፅ አንድ አይደለም፤ ድምፁ በየአገሩ ተደምሮ፣ ደረጃ ወጥቶለት፣ ደረጃው ነው ነጥብ የሚሆነው አልኩ። ማን ይሰማኛል! ጠቅላላው ድምር 93፣ ደረጃው 17ኛ ሆነ። ያሸነፈው የጣሊያኑ በርሜል ነው፤ በ524 ነጥብ። ሰንሒት በ50 ነጥብ 22ኛ ወጣች። ለእትዬ ይህ ሁሉ ዝርዝር ነው። ሃያ ተልኳል፣ ሃያ ደርሷል። የቀረው አውሮፓ ምን ሲሠራ እንዳመሸ ራሱ ይጠየቅበት።

«ወንድ ማለት አንተ ነህ» አሉኝ። «ነገ ለሁሉም እነግራለሁ፤ ሃያው የእሱ ነው እላለሁ።»

እዚህ ላይ ሆዴ አልቻለም። ጎረቤቴ ከፊቴ ተቀምጦ ሕምባሻውን ይቆርሳል።

«እትዬ፣ ሃያው ሁሉ የእኔ አይደለም። አሥሩ ብቻ ነው የእኔ። አሥሩን የላከው ጎረቤቴ ነው።»

«የምን ጎረቤት?»

«የከረን ልጅ ነው። የእሱም ልጅ ተወዳድራ ነበር፤ እኔም ለሷ አሥር ላክሁ።»

ዝም አሉ። ረሆቮት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሊሆን ነው። ደግሜ «እትዬ?» ልል ስል ጠየቁኝ፦

«ለራሱ መላክ እየቻለ ነው አሥሩን ለእኛ የሰጠው?»

«አዎ።»

«እንግዲያማ ሕጉ ትክክል ነው» አሉ። ማታውን ሙሉ ሲረግሙት ያመሹት ሕግ ነው። «ሙሽራ ለራሷ እልል ትላለች እንዴ? እልል የሚላት ጎረቤት ነው። አሁን ስልኩን ወደ እሱ ጠጋ አድርገው።»

ጠጋ አደረግሁት። ጎረቤቴ ምርቃት መስሎት ጎንበስ አለ። እትዬም ከረሆቮት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ በሰማንያ ዓመት ጉሮሮ፣ ምላስ ያለውን እልልታ ለቀቁት። ኤደን የደረሰችበት ይድረስ አይድረስ የምለካበት መሣሪያ የለኝም። ልጆቼ ከእንቅልፋቸው ነቁ። ጎረቤቴ ቀና ሲል ዓይኑ ርሷል፤ ሕምባሻው እጁ ላይ ነው። ምንም አላለም፤ ስለ ዝናብ እንኳ አላወራም።

ሰኞ ጠዋት ከመግቢያችን በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። ስዊድናዊ ሲቆጣ አይጮህም፤ ይለጥፋል። «ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ በአንዱ ቤት የእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያ ደወል ጮኋል። የሚመለከተው ሰው ባትሪውን እንዲያይ በትሕትና እናሳስባለን» ይላል።

ባትሪው ረሆቮት እንደሆነ ልጽፍበት ብዕር አወጣሁ። ከሥሩ ግን ቀድሞ የተጻፈ ነገር አለ፤ የጎረቤቴ እጅ ጽሑፍ ነው፣ ከማጠቢያው ሰሌዳ ላይ አውቀዋለሁ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ። ሁለተኛ ፎቅ» ይላል።

እኔም ከአጠገቡ «12» ጻፍኩበትና ወደ ሥራ ሄድኩ።